የዶርም ምግብ ፓኬጅ፦ የትኛውን ልምረጥ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ ዶርምም ደርሶኛል። አሁን የምግብ ፓኬጅ ምረጪ ብለው ፎርም ልከውልኛል። አራት ዓይነት አለ። አንደኛው ያለ ገደብ ነው፤ ካፌው ክፍት በሆነ ሰዓት ሁሉ ገብቶ መብላት ይቻላል። ሁለተኛው በሳምንት 14 ጊዜ፣ ሦስተኛው በሳምንት 10 ጊዜ ነው። አራተኛው ለሲሚስተሩ በጠቅላላ 120 ጊዜ ይሰጥና ካርዱ ላይ ደግሞ የተወሰነ ገንዘብ ይሞላል። በገንዘቡ ግቢ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ካፌዎች መግዛት ይቻላል።

እናቴ «ያለ ገደቡን ያዢ፣ እንዳይርብሽ» ትለኛለች። እኔ ግን ቁርስ የመብላት ልማድ የለኝም። ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ማታ የላብራቶሪ ትምህርት አለብኝ። ለውዝም አይስማማኝም። ከፋዮቹ ቤተሰቦቼ ስለሆኑ ገንዘባቸው በከንቱ እንዲሄድ አልፈልግም። የሞከራችሁት ምን ትመክሩኛላችሁ?

የካፌው በር፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ተማሪ እያለሁ ትርፍ ሰዓቴን ካፌው በር ላይ ካርድ እየተቀበልኩ እሠራ ነበር። ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር በደንብ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የቁርስ ሰልፉ ከበር ይወጣል። ፈተና ሲቃረብ ግን በጠዋት የሚመጣ የለም። ሲያጠና ያደረ ልጅ ለቁርስ ብሎ አይነሳም። ቅዳሜና እሁድማ ቁርስና ምሳ አንድ ይሆናሉ።

ካርዱ ሲነካ በሳምንቱ የቀረው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እሁድ እራት ላይ «ቀሪ 5» የሚል ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። ልጁ ያንን እራት በልቶ ይወጣል። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቁጥሩ እንደ አዲስ ከ14 ይጀምራል። አምስቱ ምግብ በቃ ጠፋ። የተከፈለበት እኮ ነው!

ስለዚህ ከምንም በፊት «ያልተጠቀምኩበት ወደሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። በሳምንት የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፍም። በሲሚስተር የሚቆጠረው ግን ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይቆይልሻል።

እስቲ እናስላው። ሲሚስተሩ 15 ሳምንት ነው እንበል። በሳምንት 14 ማለት 210 ምግብ ነው። አንቺ በሳምንት 10 ጊዜ ብቻ ከበላሽ 150 ነው የተጠቀምሽው፤ 60ው ቀረ። ክፍያውን ለ150 ስታካፍይው አንዱ ሰሃን ከታሰበው 40 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። ፎርሙ ላይ የሚታይሽ የጠቅላላው ዋጋ ስለሆነ ይሄ አይታይም።

ቀጥሎ የክፍል ፕሮግራምሽን አውጪና የካፌውን ሰዓት ከጎኑ ጻፊው። ላብራቶሪ ስትጨርሺ ካፌው ከተዘጋ ያለ ገደብ መሆኑ ለዚያ ምሽት ምንም አይጠቅምሽም። እዚያ ላይ የሚያድንሽ ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ነው። በዕቃ ይዞ መውጣት ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቂ። አንዳንድ ግቢ የሚመለስ ዕቃ ይሰጣሉ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይፈቅድም።

በኔ ግምት ለአንቺ አራተኛው ይሻላል። 120 ለ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ነው። በየቀኑ ምሳ፣ ከዚያ አንድ ቀን እራት ይወጣዋል። የቀረውን በካርዱ ገንዘብ ትሞይዋለሽ። ያ ገንዘብ ለቀሩት እራቶች ካልበቃሽ ግን በሳምንት 10ን ያዢ። የመቀየሪያውን የመጨረሻ ቀን ደግሞ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። በብዙ ቦታ ከቀኑ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም። ስለዚህ ከትንሹ መጀመር ያዋጣል። አንዳንድ ግቢ ዶርም የሚኖር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ትልቁን እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ያንን ቀድመሽ አጣሪ።

ያለ ገደቡ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ስፖርት ለሚሠራ፣ ወይም ትንሽ ትንሽ እያለ ቶሎ ቶሎ ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው።

ሁለተኛ ዓመት፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ለውዙ ልጨምር፤ እኔም አለርጂ አለብኝ። አንቺ «አይስማማኝም» ስትዪ አለርጂ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት ለምግብ አገልግሎቱ በጽሑፍ አሳውቂ። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄደሽ የኩሽናውን ኃላፊ በአካል አነጋግሪ። ሰልፍ ላይ ቆመሽ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሚያወጣው ልጅ ሶሱ ውስጥ ምን እንዳለ ላያውቅ ይችላል።

ምግቡን ራስሽ የምታነሺበት ካፌ ከሆነ ማንኪያዎቹን እዪ። አንዱ ተማሪ ለውዝ ያለበትን ሰላጣ በማንኪያው ያወጣና ያንኑ ማንኪያ ቀጥሎ ያለው ትሪ ውስጥ ይሰካዋል። መለያው ላይ «ለውዝ የለውም» ይላል፣ ማንኪያው ግን ነክቶታል። እኔ ሁሌ አዲስ ከተከፈተ ትሪ እንዲያወጡልኝ እጠይቃለሁ። ደስ እያላቸው ነው የሚያደርጉት። ሐኪም የኤፒነፍሪን መርፌ (አለርጂ በድንገት ሲበረታ የሚወጋ መድኃኒት) ካዘዘልሽ ከቦርሳሽ አይለይ። የዶርም ጓደኛሽም አጠቃቀሙን ትወቅ።

ፍሪጅ ያለው፦
በዕቃ ይዘሽ የምትወጪ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪው፣ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው። በተለይ ሩዝ! የሚያሳምመው ጀርም ሲቀቀል የማይሞት ዘር አለው። ሩዙ ውጭ ሲያድር ይራባና መርዝ ያወጣል፤ መርዙን መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። ሌላ ደግሞ፣ በእረፍት ሳምንት ካፌው ይዘጋ እንደሆነ ጠይቂ። ዶርም የሚቀር ተማሪ ያኔ ነው የሚቸገረው።

አዲስ ገቢ፦
በጣም ነው የማመሰግነው! አዎ፣ አለርጂ ነው። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አብራኝ መብላት ትችላለች?

የካፌው በር፦
ብዙ ፓኬጅ የእንግዳ መግቢያ አለው። ለብቻው የተሰጠ ይሁን ከራስሽ ቁጥር የሚቀነስ ፎርሙ ላይ እዪው። ባይኖርም በብዙ ቦታ በር ላይ ከፍላ መግባት ትችላለች። እሁድ ምሳ ላይ ይዘሻት ነይ፤ ሰልፍ የለም፣ ቁጭ ብላችሁ ትጫወታላችሁ።