«የአንድ ቁጥር እጥፍ ከ15 ላይ ሲቀነስ» እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ እያስጠናሁ ነው። በቁጥር የተሰጠውን ሁሉ ይሠራል፤ በቃል የተሰጠውን ወደ አልጀብራ መግለጫ ቀይር ሲባል ግን ይደናገራል። «የአንድ ቁጥር እጥፍ ከ15 ላይ ሲቀነስ» የሚለውን 2ሀ − 15 ብሎ ጻፈ። «ከአንድ ቁጥር በ7 የሚያንስ» ሲባል ሀ < 7 አለ። 3ሀ + 4ንም 7ሀ ያደርገዋል። ከየት ልጀምርለት? (መጽሐፉ ተለዋዋጩን ኤክስ ይለዋል፤ እኔ ሀ ብዬዋለሁ።)

መልስ 1 (ኮምቦልቻ፣ የሒሳብ አስጠኚ)
አብሽሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የንባብ ስህተቶች ናቸው። ቃላቱን በመጡበት ተራ እየገለበጠ ነው። መጀመሪያ «ከ»፣ «በ» እና «ለ» የተለጠፉበትን ቃል ያስምርበት።

በመቀነስ ጊዜ «ከ» ያለበት ምንጊዜም ከመቀነስ ምልክቱ በስተግራ ይቀመጣል። እዚህ «ከ» ያለው 15 ላይ ነው፤ ስለዚህ 15 − 2ሀ። «ከ15 ላይ የአንድ ቁጥር እጥፍ ሲቀነስ» ቢባልም መልሱ ያው ነው። አማርኛ ቃላቱን ማቀዳደም ይፈቅዳል፤ የመቀነስ ምልክት ግን አይፈቅድም።

«በ» ደግሞ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ይነግራል። «ከአንድ ቁጥር በ7 የሚያንስ» ሀ − 7 ነው። «አንድ ቁጥር ከ7 ያንሳል» ሲባል ግን «በ» የለም፤ ማወዳደር ብቻ ነውና ሀ < 7 ይጻፋል። ይህ ያለእኩልነት ዓረፍተ ነገር እንጂ መግለጫ አይደለም። ልጁ የሳተው ይቺን አንዲት ፊደል ነው።

በማካፈል «ለ» ያለው ከታች ይውላል፦ «12 ለአንድ ቁጥር ሲካፈል» 12/ሀ (ሀ ዜሮ ካልሆነ)፣ «አንድ ቁጥር ለ12 ሲካፈል» ሀ/12። ሲሶ ሀ/3፣ ሩብ ሀ/4።

ቅንፍ የሚያስፈልገው እጥፉ ድምሩን ሲይዝ ነው። «የአንድ ቁጥርና የ4 ድምር ሦስት እጥፍ» 3(ሀ + 4)፤ «የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ሲደመር 4» 3ሀ + 4።

መልስ 2 (ደሴ፣ ፒያሳ)
ሦስተኛውን ስህተት «ሙዝና ብርቱካን አይደመርም» እያሉ አያስረዱት። ልጁ ሀ ዕቃ ይመስለዋል፤ ሀ ግን ቁጥር ነው። ሰኞ ገበያ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሀ ብር ቢሆን፣ 3 ኪሎ ሽንኩርትና የ20 ብር ቃሪያ 3ሀ + 20 ብር ይሆናል። 23ሀ ካለ 23 ኪሎ ሽንኩርት ገዛ ማለት ነው። ይህን ሲያይ ራሱ ይመለሳል።

ከዚያ 200 ብር ሰጥቶ መልሱን ይጻፍ። 200 − (3ሀ + 20)፣ ማለትም 180 − 3ሀ። ቅንፉን ከረሳ 200 − 3ሀ + 20 ይሆናል። ሀ = 40 ሲሆን ትክክለኛው መልስ 60 ብር ነው፤ ያለ ቅንፍ 100 ይወጣል። የ40 ብሩ ትርፍ የመጣው የቃሪያው 20 ብር በመቀነስ ፈንታ ስለተደመረ ነው።

ሁለት መግለጫ እኩል መሆኑን በቁጥር ሲፈትሽ 1ን አይጠቀም። ሀ = 1 ሲሆን 3ሀ + 4ም 7ሀም 7 ናቸውና ስህተቱ ይደበቃል። 2ም ያታልላል፦ 2ሀ እና ሀ² ሁለቱም 4 ይሆናሉ። 5 ወይም 10 ይሻላል፤ በ5 ሲፈተሽ 3ሀ + 4 = 19፣ 7ሀ = 35።

መልስ 3 (ኮምቦልቻ)
በመንገድም ያለማምዱት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ከደሴ ተነስቶ ሀ ኪሎ ሜትር የሄደ ሚኒባስ የቀረው 25 − ሀ ነው። ሀ ከ0 እስከ 25 ድረስ ብቻ ትርጉም አለው። ሀ = 30 ካለ −5 ይወጣል፤ መኪናው ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ሐርቡ እየወረደ ነው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፤ «ከ» እና «በ»ን ዛሬውኑ አሰምርበታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ5 − 2ሀ ላይ ሀ = −3 ሲተካ 0 ያመጣል። ለምን?

መልስ 1
ቅንፍ ሳያደርግ 5 − 2 − 3 ብሎ ጽፎት ነው። ተለዋዋጩን አጥፍቶ በቦታው መጀመሪያ ባዶ ቅንፍ ይሳል፦ 5 − 2( )። ከዚያ −3ን ያስገባ፦ 5 − 2(−3) = 5 + 6 = 11። 3ሀ ላይ 4 ሲተካ 34 የሚጽፉ ልጆችንም ይኸው ቅንፍ ያድናቸዋል፦ 3(4) = 12።