የዕቅድ ውይይት፦ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣት እንዲቀር የምናቀርበው የጋራ ምክረ ሐሳብ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተስማማነው ምክረ ሐሳቡን እዚሁ እናርቅቀው። የሚሄደው ለሕግ አውጪዎችና ለኤምባሲዎች ነው። ከሁለት ገጽ ካለፈ የሚያነበው የለም፣ መሳቢያ ነው የሚገባው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳይደበላለቅብን።)

መጀመሪያ፣ በምን እንክፈት? እኔ በሕጉ እላለሁ። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 6፣ የሞት ቅጣትን ገና ያላስቀሩ አገሮች "እጅግ ከባድ ለሆኑ ወንጀሎች" ብቻ እንዲጠቀሙበት ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ደግሞ በ2018 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 36፣ ይህ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያን ብቻ እንደሚመለከት አስረድቷል። የዕፅ ወንጀል አይገባበትም ብሎ በስም ጠርቶታል። ከዚህ የጠነከረ መነሻ ያለው ይናገር።

የሕግ ክፍል፦
አንቀጽ 6 ይግባ፣ መክፈቻ ግን አይሁን። ሲንጋፖር፣ ማሌዥያና ሳዑዲ ዓረቢያ የቃል ኪዳኑ አባል አይደሉም። "ባልፈረምነው ውል ምን አገባን" ብለው በአንድ መስመር ይዘጉናል። ኢራን፣ ኢንዶኔዥያና ቬትናም ግን ስላጸደቁት ለእነሱ በደንብ ይሠራል።

እኔ በተሸካሚው፣ ማለትም ለዝውውሩ አለቆች ዕፁን ይዞ በሚያጓጉዘው ሰው፣ እንክፈት ባይ ነኝ። የሲንጋፖርን ሕግ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አዘዋዋሪ የተባለ ሰው የያዘው ንጹሕ ሄሮይን ከ15 ግራም ካለፈ ቅጣቱ ሞት ነው። ካናቢስ ከሆነ ከ500 ግራም በላይ። ከ2 ግራም በላይ ሄሮይን የተገኘበት ሰው ለማዘዋወር እንደያዘው ይገመታል፤ አይደለም ብሎ ማስረዳት የራሱ ዕዳ ነው። ዓቃቤ ሕጉ ደግሞ ተከሳሹን ከሞት ማትረፍ ሲፈልግ ክሱ ላይ "ከ14.99 ግራም የማያንስ" ብሎ ይጽፋል፤ ክሱ 15 ግራም አልፏል ስለማይል ሞት አይመጣም። በመቶኛ ግራም ልዩነት ሰው ይተርፋል ወይ ይሰቀላል። ቁጥሩን የሚጽፈውም ዳኛው አይደለም።

በ2012 ሕጉ ሲሻሻል ዳኛው ሞትን የሚተውበት ቀዳዳ ተከፈተ። ግን ተከሳሹ ተራ ተሸካሚ መሆኑን ማሳየት አለበት። በዚያ ላይ "ዝውውሩን ለማክሸፍ ተጨባጭ እገዛ አድርጓል" የሚል ወረቀት ከዓቃቤ ሕግ ያስፈልገዋል። እስቲ አስቡት። የሰው ሻንጣ ይዞ ድንበር የተሻገረ ሰው ምን ያውቃል? የሰጪውን የቅጽል ስምና የማያነሳ ስልክ ቁጥር። ብዙ የሚያውቀው ወረቀቱን ያገኛል፣ ምንም የማያውቀው ገመዱን። የአእምሮ ችግር ላለበት ተሸካሚ ሌላ በር አለ፤ እሱም ጠባብ ነው። በኤፕሪል 2022 በ42.72 ግራም ሄሮይን የተሰቀለው ማሌዥያዊ የአእምሮ ብቃት መለኪያው (IQ) 69 ነበር። ፍርድ ቤቶቹ በሩ ለእሱ አይበቃም አሉ።

የምክረ ሐሳባችን ልብ ይህ ነው። ቅጣቱ የተጻፈው ለአለቆቹ ነው፣ የሚያርፈው ግን መጨረሻ ላይ ባለው ሰው አንገት ላይ ነው።

የቤተሰብ ድጋፍ ክፍል፦
ወንድሜ ጥሩ አልከው። እኔ የውጭ ዜጎችን ጉዳይ ልጨምር። ሳዑዲ ዓረቢያ ለሦስት ዓመት ያህል ገታ አድርጋው የነበረውን በዕፅ ወንጀል የመግደል ቅጣት በኖቬምበር 2022 መልሳ ጀመረች። ከተገደሉት ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች ናቸው። ፓኪስታናዊ፣ ሶርያዊ፣ ዮርዳኖሳዊ፣ የመናዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ኢትዮጵያዊ አለበት። ቋንቋ አያውቁም፣ ጠበቃ የላቸውም፣ ያልገባቸው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ቤተሰብ ሞታቸውን ከዜና የሚሰማበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ለኤምባሲዎች የምንጽፈው "እባካችሁ ተከታተሉ" ብቻ አይሁን። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፣ ቆንስላውም ሄዶ ሊጎበኘው ይችላል። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ይሁን፦ ከመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ አስተርጓሚ፣ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ፣ ለቤተሰብ በወቅቱ ማሳወቅ። እናት ደውላ እስክታለቅስ አይጠበቅም።

አንጋፋ አባል፦
ልጆቼ፣ ሁሉም መልካም ነው። ግን ዕፅ ልጁን የቀማው አባት "እናንተ ለማን ነው የቆማችሁት?" ቢለን መልሱ የት አለ? ረቂቁ ላይ አላየሁትም። ደግሞ "ዕፅ እጅግ ከባድ ወንጀል አይደለም" ስንል፣ ለሌላው ወንጀል ስቅላት ይገባል ያልን አይመስልም ወይ?

አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ሁለቱም ልክ ነው። ለሁለተኛው መግቢያው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እናስገባ፦ ማኅበሩ የሞት ቅጣትን በማንኛውም ወንጀል ይቃወማል፣ ይህ ሰነድ ግን ስለ ዕፅ ብቻ ነው። አለቀ። የመጀመሪያው ይከብዳል። ለአባትየው "ተሳስተዋል" የሚል መልስ አንጽፍም። ልጁን ያጠፋው ሰንሰለት ተሸካሚው ተሰቅሎም እንደቀጠለ ነው የምንነግረው። በተሸካሚው ቦታ በነጋታው ሌላ ችግረኛ ይተካል። ይህን እርስዎ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል፤ ከእኛ ይልቅ በእርስዎ አንደበት ይሰማል።

የገንዘብ ክፍል፦
እኔ ሕግ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ከተግባራዊነት አንጻር፦ ሙሉ በሙሉ ይቅር ካልን እሺ አይሉንም። ለምን የግራሙ መጠን ከፍ ይበል አንልም? ኢራን አድርጋው የለም?

የሕግ ክፍል፦
አድርጋዋለች። እስከ 2017 ድረስ 30 ግራም ሄሮይን ያስገድል ነበር፤ ወደ 2 ኪሎ ከፍ አለ። ኦፒየም ከ5 ኪሎ ወደ 50 ኪሎ። በ2018 ግድያው በጣም ወረደ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል፤ ይህን አንካድ። ከ2021 ወዲህ ግን እንደገና አሻቀበ። በዕፅ ወንጀል የሚፈጸመውን የሞት ቅጣት የሚከታተለው ድርጅት ሃርም ሪዳክሽን ኢንተርናሽናል በ2023 በዓለም ላይ በዕፅ ወንጀል ቢያንስ 467 ሰው መገደሉን መዝግቧል፣ በብዛት ኢራን ውስጥ። ቻይናና ቬትናም ምስጢር ስለሚያደርጉት እዚያ ውስጥ የሉም። ሚዛኑን ብንቀይረው ገመዱ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። መንግሥት ሲፈልግ መልሶ ይጠቀምበታል።

ተግባራዊ ምሳሌ ካስፈለገ ፓኪስታን አለች። በ2023 በዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣትን ከሕጓ አወጣች። ፊሊፒንስ በ2006 ለሁሉም ወንጀል አስቀረች። ማሌዥያ በ2023 የግድ የነበረውን ቅጣት ለዳኛው ምርጫ ተወች፤ ሞቱ አማራጭ ሆኖ ግን እንዳለ ነው።

የገንዘብ ክፍል፦
ገባኝ፣ ትቼዋለሁ። እንግዲያው ለረጂ አገሮችም አንድ አንቀጽ ይጨመር። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ቢሮ ራሱ በ2012 ባወጣው ሰነድ፣ አንድ አገር በዕፅ ወንጀል መግደሉን ከቀጠለ ድጋፍን እስከማቋረጥ ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። ለዕፅ ቁጥጥር የሚሰጥ ገንዘብ ሰው ማስገደያ መሆን የለበትም።

የቤተሰብ ድጋፍ ክፍል፦
አንድ ያልተነሳ ነገር፦ በሞት ፋንታ ምን ይሁን ነው የምንለው? ሲንጋፖር ውስጥ ከሞት የተረፈ ተሸካሚ የዕድሜ ልክ እስርና ቢያንስ 15 የበትር ምት ይጠብቀዋል። ማሌዥያም ግርፋት አለ። ዝም ብለን "ዕድሜ ልክ ይተካ" ካልን ይህንን ፈርመን የሰጠን ይመስላል።

የሕግ ክፍል፦
እውነትሽን ነው። ግን "እስሩም ይጠር" ካልን ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይዋጣል። እኔ "ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነ፣ አካላዊ ቅጣት የሌለበት" ማለት ይበቃል እላለሁ።

የቤተሰብ ድጋፍ ክፍል፦
አይበቃም። "የተመጣጠነ" የሚለውን ሁሉም እንደፈለገው ይተረጉመዋል።

አስተባባሪ፦
ይህንን ለአጠቃላይ ስብሰባ እናሳድረው፤ ሁለቱም አማራጭ በረቂቁ ይቀመጥ። የቀረው ተወስኗል ብዬ ልያዝ፦ በተሸካሚው እንከፍታለን፣ 14.99 የሚለው የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይገባል፣ አንቀጽ 6 ይከተላል፣ ግራም ይጨመር አንልም፣ የኤምባሲው ሦስት ጥያቄ ለብቻው ገጽ ይሁን። የሕግ ክፍል ጽሑፉን፣ ጋሼ የአባትየውን መልስ እስከ ዓርብ ይላኩልኝ። ለዓለም ፀረ ሞት ቅጣት ቀን፣ ለኦክቶበር 10፣ እንዲደርስ ትርጉሙን ማን ይይዛል?