እሁድን አትሽጣት፦ ከማርቆስ ለጠየቅከው

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፤ መስከረም ላይ ለማስተርስ ወደ ጀርመን ልሄድ ነው። የቪዛውንና የባንኩን ነገር ጠይቄ ተረድቻለሁ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን ምን ተደርጎ ይዋላል? ቅዳሜና እሁድ መሥራትስ ይቻላል?

*

ወንድሜ፣ ጥሩ ጠየቅክ። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ጎቲንገን በምትባል የተማሪ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን ባሕር ዳር ነኝ። ከሁሉ የከበደኝ ቅዳሜና እሁዱ ነበር፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ቅዳሜ ጓዳ የሚሞላባት ቀን ናት። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ይህን ያዝልኝ። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ይከፍታሉ፣ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። እኔ ሳላውቅ በመጀመሪያው እሁድ ዘንቢሌን ይዤ ወጥቼ በሩን ተዘግቶ አገኘሁት፤ ከቤት ባመጣሁት ዳቦ ቆሎ ዋልኩ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክም አትጣል፣ ሱፐርማርኬት ስትመልሰው 25 የዩሮ ሳንቲም አለው።

ከሰዓት በኋላ ለሳምንት የሚበቃ ምስር ወይ ሽሮ ሠርተህ ከፋፍለህ ፍሪጅ ታስገባለህ። ጤፍ ውድ ስለሆነ ከስንዴ ዱቄት ጋር እየቀላቀልኩ በመጥበሻ ነበር የምጋግረው። በብርዱ ወራት ሊጡ አልቦካ ይላል፤ በጨርቅ ሸፍነህ ከማሞቂያው አጠገብ አሳድረው። ቡና ስትቆላ ደግሞ መስኮቱን ክፈት። ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ አለ፤ የእኔ ቡና አንድ ቀን አስጮኸውና ጎረቤቱ ሁሉ ደንግጦ ወጣ።

እሁድ ጸጥታ ነው። እኛ በሰንበት እንደማናርስና እንደማንፈጭ፣ እነሱም የእሁድን ዕረፍት በሕገ መንግሥታቸው አስከብረዋል። አንድ እሁድ ቅመም ስወቅጥ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳ። አልተቆጣም፤ «ዛሬ እሁድ ነው» ብቻ ብሎኝ ሄደ። እናቴም በሰንበት ሙቀጫ ሳነሣ ብታየኝ ከዚህ የተለየ አትለኝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ባዕድ አልመሰለኝም።

ጸጥታው ሰው ላለው ዕረፍት ነው፤ ብቻህን ስትሆን ግን ይጫንሃል። በተለይ ታኅሣሥ ላይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። እኔን ደግፎ ያቆመኝ የእናቴ ስልክ ነው። በብርዱ ወራት የእኛ ሰዓት ከእነሱ በ2 ሰዓት ይቀድማል፣ በበጋቸው በ1። እናቴ ከቅዳሴ የምትመለሰው 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ እኔ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ተነሥቼ እጠብቃታለሁ። «እህል ቀመስሽ?» ነው የመጀመሪያ ቃሏ። በ2015 ነሐሴ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኢሞውም ቴሌግራሙም ቀረ። ያኔ መስመር በተገኘ ጊዜ በቀጥታ እደውል ነበር፤ ሒሳቡ ግን ይበላል። ደቂቃው ሳያልቅ ሁሉንም እንድጠይቃት የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር የምደውለው። ያ ወረቀት ዛሬም አለኝ።

ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በወር አንዴ ፍራንክፈርት ነበር። የወር ቲኬቱ ፈጣኑ ባቡር ላይ ስለማይሠራ በየጣቢያው በሚቆመው፣ ካሴል በምትባል ከተማ ላይ እየቀየርኩ፣ ቅዳሜ ማታ እሄድና አንዲት የደጀን ልጅ ዘንድ አድራለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻድቁን ቀምሰን፣ የአገር ወሬ አውርተን፣ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ።

ሥራውን በተመለከተ ይቻላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል። ከፈለግክ ቅዳሜን ስጣቸው፤ እሁድን ግን አትሽጣት። እኔ አንድ ሴሚስተር ሁለቱንም ቀን መጋዘን ሠራሁ። ገንዘቡ ደህና ነበር። ግን በእነዚያ ወራት በአማርኛ ያናገርኩት ሰው እናቴን ብቻ ነው።

*

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። እናቴ ቋንታና ንጥር ቅቤ እያሰናዳች ነው። ይዤ ልሂድ?

*

ቋንታውንና ቅቤውን ተውላት። ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ልፋቷ ኤርፖርት ላይ ተወርሶ ይቀራል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ ያዝ። ከሁሉም በላይ በሶ፤ የጮቄ ገብስ ካገኘች በእሱ ታዘጋጅልህ፣ ሱቅ በተዘጋበት እሁድ በጥብጠህ ትጠጣዋለህ። ቅመሙን ደግሞ እዚሁ ወቅጣና ነፍታ ትስጥህ።