የባንክ ሐራጅ ቤት የገዛችሁ፣ ከየት ልጀምር?

ጀማሪ ገዢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት አካባቢ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+1 ቤት ጋዜጣ ላይ የባንክ ሐራጅ ወጥቶ አየሁና ልቤ ከጀለ። መነሻ ዋጋው ደላሎች ከሚጠሩልኝ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ጓደኞቼ ግን “የሰው እንባ ያለበት ቤት ነው፣ ነዋሪውም አይወጣልህም” እያሉ ያስፈራሩኛል። ባለቤቴ ዱባይ ናት፣ ገንዘቡ የሁለታችንም ስለሆነ ስሟ እንዲገባበት እፈልጋለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

የጨረታ ሰው፦
ወንድሜ፣ በመነሻ ዋጋው አትጓጓ። ግልጽ ጨረታ ከሆነ አዳራሽ ውስጥ እጅ እያወጣችሁ ነው የምትፎካከሩት፣ ቦታው ተፈላጊ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ሳታስበው ገበያው ላይ ይደርሳል። “አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ” ሲባል ሰው እልህ ይይዘዋል። ከቤትህ ስትወጣ ጣሪያህን ወስነህ ውጣ።

አብዛኛውን ጊዜ የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን ያረጋገጠበት ማዘዣ) ታስይዛለህ። ካሸነፍክ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ታጠናቅቃለህ፣ ካልከፈልክ ያስያዝከው ይቀራል። ለአሸናፊ ብድር የሚያመቻቹ ባንኮች አሉ፤ ግን ስንት እንደሚፈቅዱልህ ከጨረታው በፊት ብድር ክፍል ሄደህ አረጋግጥ። ማስታወቂያውንም እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ። ቫት አልተካተተም ካለ 15 በመቶው ያንተ ዕዳ ነው። የስም ማዛወሪያውም እንደዚያው።

ሕግ ነክ፦
ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣ የሚሸጡት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባቸው። ሁለተኛው ጨረታም ገዢ ካጣ ባንኩ በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ንብረቱን ራሱ መረከብ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የወጣ ቤት ካየህ ለምን ሰው እንደሸሸው አጣራ።

ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጪ በፊት የተያዘ መሬት) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ)? በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፣ ይሄ ደግሞ በየዓመቱ የምትከፍለው ነገር ያመጣብሃል። ብዙ ገዢ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የፍርድ አፈጻጸም ሐራጆችንም ተከታተል፣ ወራሾች መካፈል ሲያቅታቸው ፍርድ ቤት የሚያሸጣቸው ጥሩ ጥሩ ቤቶች ይወጣሉ።

የሳሪሷ፦
እኔ ከሐራጅ ገዝቼ እየኖርኩበት ነው። ባንኩ በሚያዘጋጀው የጉብኝት ቀን ብቻ አትመን፣ ሌላ ቀን ብቻህን ሂድና በግቢው ዙሪያ ተራመድ። እኔ ካየኋቸው አንዱ ላይ ከኋላ የተቀጠሉት ሰርቪስ ቤቶች ከካርታው ውጪ ነበሩ፤ አጥሩ ራሱ የጎረቤት ይዞታ ውስጥ ገብቷል፣ ማስታወቂያው ላይ ግን አንድም ቃል የለም። የካርታውን ቁጥር ይዘህ ክፍለ ከተማ ይዞታ ምዝገባ ብቅ በል። እግድ (እንዳይሸጥ የሚከለክል ትእዛዝ) ካለበት እዚያ ታገኘዋለህ።

ነዋሪውን በተመለከተ፣ ጓደኞችህ የሚሉት እውነት አለው። ቤቱ ውስጥ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ሊኖር ይችላል። ባንኩ ቤቱን ባዶውን ያስረክብህ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። እኔ ሰዎቹን ቀርቤ አናገርኩ፣ የልጆቹ ትምህርት እስኪዘጋ ጊዜ ሰጠኋቸው፣ በሰላም ወጡ። በፖሊስ ከማስወጣት ይሄ ይሻላል፣ ከጎረቤት ጋርም የምትኖረው አንተ ነህ።

ጀማሪ ገዢ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። የባለቤቴስ ነገር?

ሕግ ነክ፦
ዱባይ ካለው ቆንስላ ውክልና ትላክልህ። በስሟ መጫረት፣ መግዛትና ስም ማዛወር እንደምትችል በግልጽ ይጻፍበት፣ ጠቅላላ ውክልና ብቻ ይዘህ ብትሄድ ሊመልሱህ ይችላሉ። እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ አረጋግጦት ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ይሄ ቀን ስለሚወስድ ከሲፒኦው በፊት ጀምረው።