በእህቴ ባል ላይ በተሰጠው ቅጣት ይግባኝ ለማስባል እርዳታ እፈልጋለሁ

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ ይህን የምጽፈው ከደሴ ነው። የእህቴ ባል በመጥረቢያ እጀታ ደብድቦ የግራ ክንዷን ሁለት ቦታ ስለሰበረው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 (ከባድ የአካል ጉዳት) እና 564 (በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት) ተከሶ ጥፋተኛ ቢባልም፣ የተፈረደበት የሁለት ዓመት ቀላል እስራት ብቻ ነው። አንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ እያወቅሁ ይህን መቀበል አቅቶኛል። ለቅጣት ማቅለያ የተያዘለት በአበጋሮች (በባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ፊት የተደረገው እርቅ ሲሆን፣ እህቴ በዚያ ቀን ክንዷ ገና በጀሶ እንደታሰረ፣ ሽማግሌ ላለማሳፈር ብላ አንገቷን ደፍታ «እሺ» ስትል አጠገቧ ነበርሁ (እርቁን አልጠላም፤ ግን እርቅ ሌላ፣ ቅጣት ሌላ ነው)። ዛሬም የግራ እጇ ጣቶች ሲኒ አይጨብጡም።

ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት የሚችለው ዐቃቤ ሕግ እንጂ ተበዳይዋ አለመሆኗን፣ የይግባኝ ማስታወቂያውም በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ተነግሮኛል፤ ውሳኔው ከተሰጠ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «እናያለን» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኝም። ለበላይ ኃላፊው በጽሑፍ ማመልከት እችላለሁ? አዲስ የሐኪም ማስረጃ ማያያዝስ ይጠቅማል? ባልየው በበኩሉ ይግባኝ ቢል እህቴ የምትሰማበት መንገድ ይኖራል?