ሲሪንጁ በማን እጅ ይሁን?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት፣ ማለትም የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ካት ላባችን፣ የልብ ካቴተር ምርመራና ሕክምና ክፍሉ፣ ነርስ አጥሮታል። ትናንት አለቃዬ፣ “ካርዲዮቨርዥን ሲኖር ሚዳዞላሙንና ፌንታኒሉን አንቺ ስጪ፤ ሐኪሙ እዚያው ስላለ ችግር የለውም” አለችኝ። ካርዲዮቨርዥን የተዛባ የልብ ምት በኤሌክትሪክ የሚስተካከልበት ነው፤ ሰውየው ነቅቶ የኤሌክትሪኩን ንዝረት እንዲቀምስ ስለማይፈለግ በሚዳዞላም ይደነዝዛል፣ በፌንታኒል ሕመሙ ይታገሳል። ቱቦ ማስገባት እችላለሁ፣ ከአርቴሪ ደም እቀዳለሁ። በደም ሥር ማደንዘዣ መስጠትስ ሥራዬ ነው? እስቲ ተከራከሩልኝ።

የካት ላብ ሲስተር፦ በጭራሽ! እህቴ፣ ላይሰንስሽን ለሰው እጥረት አትገብሪ። ሚዳዞላም የሚያወርደው ትንፋሽ ብቻ አይደለም፣ የደም ግፊትም ያወርዳል። በተለይ ከፌንታኒል ጋር ሲሆን፣ በተለይ ልቡ የደከመ ሰው ላይ። የላይኛው ግፊት ወደ 70 ሲወርድ ምን ልትሰጪ ነው? ፈሳሽ? ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ቢሆንስ? ይህን ስንማር ነው የኖርነው።

አየር መንገድ (አውሮፕላን የለኝም)፦ ሲስተር፣ ከአክብሮት ጋር፣ እዚያ አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ትንፋሽ ነው። እኔም ቴራፒስት ነኝ። አንዴ ሁሉም ሰው የልብ ምት የሚያሳየውን ኢሲጂ አፍጥጦ እያየ፣ ጣት ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 98 ይላል። ኦክስጅን በአፍንጫው እየገባ ስለነበር ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። የሚወጣውን ትንፋሽ የሚከታተለው የካፕኖግራፊ መስመር ግን ጠፍቷል። መንጋጋውን ወደፊት ሳብኩት፤ አንኮራፋና ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሰው የዞረው።

ደግሞ መድኃኒት አትሰጡም ያለው ማነው? በቀኝ ልብ ካቴተር ምርመራ (ቀጭን ቱቦ ወደ ቀኝ ልብ ገብቶ ግፊት ሲለካ) ናይትሪክ ኦክሳይዱን፣ የሳንባን ደም ሥር የሚያሰፋውን ጋዝ፣ የምንሰጠው እኛ ነን። የሳንባ ደም ሥር አማካይ ግፊት ቢያንስ በ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቀንሶ 40 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ልቡ የሚረጨው ደም ሳይቀንስ፣ የበሽተኛው የወደፊት ሕክምና ሊቀየር ይችላል። ይሄ ጨዋታ ነው?

የካት ላብ ሲስተር፦ ጨዋታ አላልኩም። እሱ ግን የሚተነፈስ ነው። በሕግ ልዩነቱ እሱ ላይ ነው።

ደንብ አንባቢ፦ የየትኛው ስቴት ሕግ? የቴራፒስት የሥራ ወሰን በየስቴቱ ይለያያል። አንዱ በግልጽ ይፈቅዳል፣ ሌላው ከመተንፈሻ ሕክምና ጋር ሲያያዝ ብቻ ይላል፣ ሌላው ዝም ነው። የሙያ ማኅበሩ ኤኤአርሲ፣ የሠለጠነና ብቃቱ የተረጋገጠ ቴራፒስት በሐኪም ትዕዛዝ ማደንዘዣና ሕመም ማስታገሻ ሊሰጥ ይችላል የሚል አቋም አለው። ማኅበር ግን ሕግ አያወጣም። “ሐኪሙ እዚያው አለ” የሚለውም አያዋጣም፤ ሕጉ የከለከለውን የሐኪም መኖር አይፈቅደውም። ሆስፒታልም ሕጉን ያጠብባል እንጂ አያሰፋም።

አየር መንገድ፦ እሺ፣ ስቴቷ ይፈቅዳል እንበል። ያኔስ ሲስተር?

የካት ላብ ሲስተር፦ ያኔ እጇን ቁጠርልኝ። ሐኪሙ ማሽኑ ላይ ነው። እሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግፊት ትመዘግባለች። ሰውየው መተንፈስ ሲያቆም ማስኩን ለመያዝ ሁለቱም እጇ ያስፈልጋል። የፌንታኒል ማርከሻውን ናሎክሶን ማን ይስጠው? እሱም ቢሆን ከፌንታኒሉ ቀድሞ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል፤ ነቃ ተብሎ ዞር አይባልም። ለነርስም ቢሆን አንድ ሰው አይበቃም።

አየር መንገድ፦ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ራስጌ ቆሞ ትንፋሽ ብቻ የሚያይ ሰው ይኑር ከተባለ፣ እሱ እኛ ነን።

ጠያቂዋ፦ ሕጋችንን ገልጬ አየሁት። “ከመተንፈሻ ሕክምና ጋር የተያያዘ መድኃኒት” ነው የሚለው። ካርዲዮቨርዥን እዚያ ይግባ አይግባ ላይሰንስ ለሚሰጠን የስቴቱ ቦርድ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። መልሱ እስኪመጣ ማስኩን ይዤ ራስጌ እቆማለሁ፣ ሲሪንጁን ነርስ ትያዝ።

ደንብ አንባቢ፦ ነርስ ካልተገኘችስ?

ጠያቂዋ፦ አጣዳፊ ያልሆነው ቀጠሮ ይተላለፋል።

የካት ላብ ሲስተር፦ አለቃሽ ሰምታለች?

ጠያቂዋ፦ ገና። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የምነግራት።