የድልድይና የውኃ ዳርቻ ፎቶግራፍ፦ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የት መሄድ፣ ምንስ መከራየት ይሻላል?

ጥያቄ፦

በደብረ ብርሃን አነስተኛ ፎቶ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛ ለመጪው ዓመት የግድግዳ ካላንደር የሚሆኑ የድልድይ ፎቶግራፎች ያዘዘኝ ሲሆን፣ በተለይ በከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ ድልድይ ከነውኃ ዳርቻው እንዲገባበት ይፈልጋል። ያለኝ ባለ 24 ሜጋፒክስል የካኖን ካሜራና አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ ነው። ሥራዬ ሠርግና ልደት እንጂ እንዲህ ያለውን ነገር ሞክሬው አላውቅም። ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ግድ ነው ወይስ በቅርብ የሚበቃኝ አለ? ሌንስ ልግዛ ወይስ ልከራይ? በሥራው ያለፋችሁ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያ መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ደንበኛዎ በከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ ድልድይ ካሉ፣ እኔ የምጠቁምዎ የባሕር ዳሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ከምሰሶዎቹ በሚወርዱ ገመዶች የተያዘ በመሆኑም ከሩቅ ሲታይ ለፎቶግራፍ የሚመች ቅርጽ ይሰጣል። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ከድልድዩ ብዙ ሳይርቅ ስለሆነ ሐይቁን፣ ወንዙንና ከተማውን በአንድ ቀን ማንሳት ይችላሉ። ይህን የመሰለ ቦታ በእኛ በሰሜን ሸዋ የለም፤ እኛ ያለን ገደልና ሸለቆ ነው፤ እሱንም ቢሆን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ድልድዩ ላይ ቆሞ ድልድዩን ለማንሳት በመሞከሩ ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ትሪፖዴን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያዬን) በእግረኛው መንገድ ላይ ተክዬ የምሽቱን መብራት በ15 ሰከንድ ለማንሳት ስታገል፣ ባለ ተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ስለሚርገበገብ ያነሣሁት ሁሉ ደብዝዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምቆመው በጎንደር መውጫ በኩል ባለው በምሥራቁ ዳርቻ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ምሰሶዎቹንና ገመዶቹን ታበራልዎታለች፤ ማታ ደግሞ ፀሐይ ከከተማው በስተጀርባ ስትጠልቅ ድልድዩ በቀላው ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ በአገራችን አጭር ነው፤ ከሃያ ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ትሪፖዱ ተተክሎ፣ ትኩረቱ ተስተካክሎ፣ ከ12 ሰዓት በፊት ዝግጁ መሆን ያስፈልጋል። አይ.ኤስ.ኦ. (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ 8 ወይም 11 ላይ፣ መዝጊያውን በሁለት ሰከንድ መዘግየት ወይም በሪሞት ቢለቁ ይበቃዎታል። ወደ ደንገሉ ጠጋ ብዬ ላንሳ ካሉ ግን ሲመሽ ጉማሬ ከውኃ እንደሚወጣ አይዘንጉ፤ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ ወደ ዳር አይውረዱ።

ከላይ የሚታይ ስፋት ከፈለጉ የቤዛዊት ኮረብታ አለ። ወንዙና ከተማው ከዚያ አንድ ላይ ይታያሉ፤ በእርስዎ ሌንስ ግን ድልድዩ ትንሽ ስለሚሆን ለዚህ ብቻ ረዘም ያለ ሌንስ ያስፈልግዎታል። የሞተር ጀልባ ኮንትራት የሚይዙልዎት ሰዎች ዓባይ ከሐይቁ እስከሚወጣበት ይወስዳሉ፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚቆዩበትን ሰዓትና ሞተሩን የሚያጠፉበትን ጊዜ ጭምር ቀድመው ይስማሙ፤ አለበለዚያ እርስዎ የደንገል ታንኳውን ሲያነጣጥሩ ጀልባው ይዞዎት ይሄዳል። ከጀልባ ላይ የማታ ፎቶ የማይታሰብ ስለሆነ ጀልባውን ለጠዋት፣ የብሱን ለማታ ያድርጉት። ሁለቱን ለማወዳደር ከተገደድኩ፣ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጀልባውን ትቼ አንድ ማታ ተጨማሪ አድር ነበር።

አሁን ወደ ቅርቡ ልመለስ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ድልድዮች አሉ፤ አንዱ የቀድሞው የኮንክሪት ቅስት፣ ሌላው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ነው። ግርማው ከባሕር ዳሩ ይበልጣል ብል አላፍርም፤ ነገር ግን ድልድዮቹ ጥበቃ ስላላቸው ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ጠባቂዎቹን ይጠይቁ፣ ከከለከሉዎትም አይከራከሩ። እኔ ድልድዩን በቅርብ ከማንሳት ይልቅ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርዱ ባሉት መጠምዘዣዎች ላይ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ ሸለቆውንና መንገዱን ማንሳትን እመርጣለሁ። ከረፋዱ በኋላ ግን ሙቀቱ አየሩን እያንቀጠቀጠ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ጎሐ ጽዮን አድሮ በንጋት መውረድ ነው የሚሻለው። ወሩም ልዩነት አለው፦ በመስከረምና በጥቅምት አየሩ ጥርት ያለ ሲሆን ከጥር በኋላ ግን አቧራና ጭጋግ ይበዛል።

ሦስተኛው በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይበለው እንጂ ያሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ትንሽ ነው፤ የከተማ ሽታም የለበትም፤ የደንበኛዎን ጥያቄ አይመልስም። ሆኖም ከአዲስ አበባ አንድ መቶ ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ ያለዎት ሌንስም ስለሚበቃው፣ ክረምት ሲወጣ ውኃው ከድልድዩ አልፎ ወደ ገደል ሲወረወር ከወንዙ ዳር ማንሳት ስለሚቻል፣ ለካላንደሩ አንድ ገጽ ይሆንዎታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ከገደሉ አፋፍ ሣር ሲግጡ ይገኛሉ፤ ምግብ አይስጧቸው፤ ካሜራ ከምግብ የማይለይበት ጊዜ አለ።

ስለ ዕቃ የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። ሌንስ አይግዙ፤ ለአንድ ጉዞ የሚያስፈልግዎትን ረጅም ሌንስ ከአዲስ አበባ ይከራዩ፤ ገንዘብዎን ግን በጠንካራ ትሪፖድ ላይ ያውሉ። ሲከራዩ መታወቂያ ወይም የገንዘብ መያዣ ይጠየቃሉና ይዘው ይሂዱ፤ ዕቃውንም ሳይፈትሹ አይውጡ። እኔ ስሙን ከማልጠቅሰው አከራይ የወሰድኩት ትሪፖድ የአንዱ እግር መቆለፊያ የላላ ስለነበር ካሜራዬ በዓባይ ዳር ጭቃ ላይ ተደፍቷል፤ ሲመለስም መቆለፊያውን የሰበርከው አንተ ነህ ተብዬ መያዣዬ ተቆርጧል። ሲረከቡ እግሮቹን ዘርግተው በእጅዎ ይጫኑ፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረው ሻጋታና ጭረት ይዩ፤ የነበረውን ጉዳት በስልክዎ አንሥተው ለአከራዩ ያሳዩ። ከፊልተር ደግሞ የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዘር ቀን ላይ ይጠቅማል፤ ማታ ግን ያውጡት፤ ብርሃን ይሰርቅዎታል። ድሮን ያለ ፈቃድ የሚያስይዝ ስለሆነ አንዱም ጋ አያስቡት።

ስለ ትራንስፖርት፦ በአንድ ጉዞ ሦስቱንም ማዳረስ ይቻላል፤ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ከደብረ ሊባኖስ መገንጠያ አጠገብ አልፎ በዓባይ በረሃ ያቋርጣልና። የሕዝብ አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ በፈለጉበት አይቆምም፤ የንጋት ብርሃንም አይጠብቅልዎትም። ከሁለት ባልደረባ ጋር ተጋርቶ ኮንትራት መኪና መያዝ ነው የሚያዋጣው። ለባሕር ዳር ብቻ ከሆነ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከአየር ማረፊያ በኋላ ደግሞ ባጃጅ ይበቃዎታል። በየብስ ከሄዱ ግን የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ከሚመላለሱ ሾፌሮች ሳያጣሩ አይነሡ።

ከመሄድዎ በፊት ደግሞ በከተማችን በበሬሳ ወንዝ ላይ ባለው ድልድይ ሁለት ሦስት ማታ ይለማመዱ። ብርዱን ይችሉት እንደሆነ እንጂ ከዚህ የተሻለ ነጻ ትምህርት ቤት የለም።

ሁለተኛ መልስ፦

ከላይ የተጻፈው በአመዛኙ ትክክል ነው፤ ሆኖም ደንበኛው የሚረከበው ወረቀት ስለሆነ ስለ ኅትመቱ ጥቂት ልጨምር። አንድ ኤ3 ገጽ 42 በ29.7 ሴንቲሜትር ሲሆን በ300 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም ወደ 17 ሜጋፒክስል ያስፈልጋል። የእርስዎ 24 ስለሆነ ሙሉውን ምስል ካተሙ ይበቃል፤ ከቤዛዊት አንሥተው ድልድዩን ብቻ ልቁረጥ ካሉ ግን አይበቃም፤ ረጅሙ ሌንስ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። በ12 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የተነሣ ምስል በዚህ መጠን ከቅርብ ሲያዩት ይላላል፤ በጓደኛዎ ስልክ እንዳይተማመኑ።

የሚያብረቀርቅ ወረቀት በማታ ምስል ላይ ጥቁሩን ያጎላዋል፤ ነገር ግን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የመስኮቱን ብርሃን እየመለሰ ድልድዩን ይሸፍነዋል። እኔ ለካላንደር ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት እመርጣለሁ፤ በማት ላይ ግን ማታ የተነሣው ትንሽ ስለሚጨልም ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊት ምስሉን ጥቂት ያብሩት። ማተሚያ ቤቱ ሙሉውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ የናሙና ገጽ እንዲያወጣልዎት ይጠይቁ፤ እምቢ የሚል ከሆነ ወደ ሌላው ይሂዱ።

በነገራችን ላይ የእኛ ካላንደር 13 ወር መሆኑን ደንበኛዎ ካላስታወሱ እርስዎ ያስታውሱ፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር በአንድ ገጽ የሚያስገቡ አሉ፤ የራሷን ገጽ ከሰጧት ግን የደብረ ሊባኖሱን ትንሽ ድልድይ እዚያ ላይ ያድርጉት።